ወንዝ ወይስ ባሕር? ለባለትዳሮች የመርከብ ጉዞ ምርጫ

ለመሆኑ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ብቻችሁን አንድ ሙሉ ሳምንት ያሳለፋችሁት መቼ ነው? ብዙ ባልና ሚስቶች ይህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው እስከ ጫጉላ ጊዜያቸው ድረስ ወደ ኋላ ለመሄድ ይገደዳሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በሥራ፣ በልጆች አስተዳደግ፣ በሠርግና በለቅሶ፣ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተይዟል። እናም የጋብቻ 25ኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ወይም በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ልጆች «እማዬና አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዕረፉ» ብለው ገንዘብ ሲያዋጡ፣ በመርከብ የመጓዝ ሐሳብ ብቅ ይላል።

ሐሳቡ ብቅ እንዳለ ጥያቄው ይከተላል። በወንዝ ወይስ በባሕር? የጉዞ ድርጅቶች የሚያድሉት የማስታወቂያ መጽሔት ለዚህ ብዙም አይረዳም። በሁለቱም ላይ ያው ነጭ አንሶላ፣ ያው የተሰናዳ ገበታ፣ ያችው የምትጠልቅ ፀሐይ ትታያለች። ሁለቱም «የቅንጦት ጉዞ» ይባላሉ፤ ነገር ግን በስም እንጂ በግብር አይገናኙም። በብዙ ገንዘብ የሚገዛ፣ ምናልባትም በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ሳምንት ስለሆነ ልዩነቱን ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ ይበጃል።

ለዚህም ሁለት የታወቁ መስመሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ በራይን ወንዝ ላይ ከስዊዘርላንዷ ባዝል እስከ ሆላንዷ አምስተርዳም የሚሄደው ነው። ሌላው በሜዲትራኒያን ባሕር ከአቴና ተነሥቶ የግሪክን ደሴቶችና የቱርክን ጠረፍ የሚዞረው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የራይን ሳምንት

ራይን ከስዊዘርላንድ ተራሮች ተነሥቶ ወደ 1,230 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል። ከባዝል እስከ አምስተርዳም ያለው የመርከብ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሰባት ሌሊት ይፈጃል። የወንዝ መርከብ ረጅምና ጠባብ ናት። ርዝመቷ እስከ 135 ሜትር ሲደርስ ስፋቷ ግን 11 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ምክንያቱም ራይንን ከዳኑብ ወንዝ ጋር በሚያገናኘው የውሃ መስመር ላይ ያሉት በሮች ስፋታቸው 12 ሜትር ብቻ ነው። ድልድዮቹም ዝቅተኛ ስለሆኑ ፎቋ ከሦስትና ከአራት አያልፍም።

«የውሃ በር» ስንል ምን ማለታችን ነው? መርከቧ በሁለት ግዙፍ በሮች መካከል ትገባና የኋላው ይዘጋል። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ሲጎድል መርከቧም እንደ ሊፍት ወደ ታች ትወርዳለች፤ በመጨረሻም የፊቱ በር ይከፈታል። ከባዝል ጀምሮ ኢፌትስሃይም እስከሚባለው ስፍራ ድረስ እንዲህ ያሉ አሥር ማለፊያዎች አሉ። በዚያ ጊዜ በመስኮታችሁ በኩል የሚታየው ተራራ ሳይሆን የሲሚንቶ ግድግዳ ነው።

በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ የሚሳፈረው ሰው ቢበዛ 190 ያህል ነው። የመመገቢያ አዳራሹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የማረፊያ ሳሎኑም አንድ ነው። በሦስተኛው ቀን የአብዛኛውን ተሳፋሪ መልክ ታውቃላችሁ። ሰላምታ መለዋወጥ፣ በአንድ ማዕድ መቀመጥ፣ ስለ ልጆች መጠያየቅ ይጀመራል። ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ትልቅ ቴአትር የለም፣ የቁማር ቤት የለም።

የወንዝ ጉዞ ትልቁ ጸጋ ግን መርከቧ የምትቆምበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ የራይን ከተሞች የተመሠረቱት በወንዙ ዳር ስለሆነ ከመርከብ ወርዳችሁ በእግር ከተማ ትገባላችሁ። ኮሎኝ ላይ ከወንዙ ዳር ተነሥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትራመዱ ታላቁ ካቴድራል ፊት ለፊት ትቆማላችሁ። ግንባታው በ1248 ተጀምሮ የተፈጸመው በ1880 ነው፤ ቁመቱ 157 ሜትር ይደርሳል። ከቢንገን እስከ ኮብሌንትስ ባለው 65 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወንዙ በገደሎች መካከል ይጠባል። በየኮረብታው ላይ ጥንታዊ ግንቦች፣ በየተዳፋቱ ላይ የወይን ተክል ይታያል። ይህ ሸለቆ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ያን ቀን ማንም በክፍሉ አይቀመጥም። ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከላይኛው ሰገነት ላይ ይውላል።

ለእኛ ለወንጌላውያን ደግሞ ይህ ወንዝ የታሪክ መጽሐፍ ጭምር ነው። ብዙ መርከቦች የሚቆሙባት ሽፓየር «ፕሮቴስታንት» የሚለው ስም የተወለደባት ከተማ ናት። በ1529 በዚያ በተደረገው የመሳፍንት ጉባኤ የተሐድሶው ደጋፊዎች የተቃውሞ መግለጫ አቀረቡ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከሽፓየር ወደ ሰሜን ሲወረድ በወንዙ ዳር ዎርምስ ትገኛለች። ማርቲን ሉተር በ1521 በንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ ፊት የቀረበባት ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ዊልያም ቲንዴል አዲስ ኪዳንን በ1525 ኮሎኝ ላይ ማሳተም ጀምሮ ሳለ ስለ ተነቃበት ወደ ዎርምስ ሸሽቶ ሥራውን በ1526 ፈጽሟል። በመካከሉ ማይንዝ አለች፤ ጉተንበርግ በ1455 ገደማ መጽሐፍ ቅዱስን በማተሚያ መሣሪያ ያተመባት ከተማ።

ኮሎኝ ላይ ደግሞ የራሳችንን ፊደል የሚመለከት አንድ ነገር አስታውሱ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ሮም በነበረበት ጊዜ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በዚያው አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ ነው። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም በ1518 መዝሙረ ዳዊትን በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በግዕዝና በላቲን ጎን ለጎን አድርጎ ኮሎኝ ላይ አወጣ።

የሜዲትራኒያን ሳምንት

አሁን ወደ ባሕሩ እንምጣ። የባሕር መርከብ በመጠን ዓይነቷ ብዙ ነው። በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረችው «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» 365 ሜትር ትረዝማለች፤ ሃያ ፎቅ አላት፣ እስከ 7,600 ተሳፋሪም ትይዛለች። ይህ አንድ የወረዳ ከተማ እንደማለት ነው። በሌላ በኩል በእውነት «የቅንጦት» የሚባሉት የባሕር መርከቦች ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ሲቦርን፣ ሲልቨርሲ እና ሪጀንት የሚባሉት ድርጅቶች ካሏቸው መርከቦች ብዙዎቹ ከ600 እስከ 750 ሰው ገደማ ይይዛሉ። ስለዚህ «ባሕር ማለት ግርግር ነው» ብላችሁ አትደምድሙ።

የባሕር ጉዞ ጸጋው ስፋቱ ነው። ማለዳ በረንዳችሁ ላይ ስትወጡ ከአድማስ እስከ አድማስ ውሃ ብቻ ይታያል። ባሕር በሌላት አገር ላደግን፣ ጣናን ወይም ሐዋሳን ብቻ ለምናውቅ፣ ይህ እይታ ብቻውን ልብ ያሳርፋል። መርከቧ ወደብ የማትነካበት ቀን ሲኖር «ዛሬ የት እንሂድ?» የሚባል ጥያቄ የለም። አንዱ መጽሐፉን ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ሌላዋ ትዋኛለች ወይም ሰፊውን ሰገነት እየዞረች ትራመዳለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ይገናኛሉ።

የሚጎበኘውም ጥቂት አይደለም። ጉዞው የሚጀመርበት የፒሬየስ ወደብ ከአቴናው አክሮፖሊስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ የተናገረበት አርዮስፋጎስ የሚባለው ዓለትም ከአክሮፖሊስ ሥር ነው። በቱርክ ጠረፍ ከኩሻዳሲ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ኤፌሶንን ታገኛላችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ሕዝቡ ተሰብስቦ የጮኸበት ቴአትር እስከ ዛሬ ቆሟል፤ 25,000 ሰው ያህል ይይዝ እንደነበር ይገመታል። አንዳንድ መርከቦችም የራእይ መጽሐፍ በሚጠቅሳት በፍጥሞ ደሴት ይቆማሉ።

ነገር ግን ባሕር ላይ ወደብ ሁሉ ከተማ አይደለም። ማስታወቂያው «ሮም» ቢልም መርከቧ የምትቆመው ቺቪታቬኪያ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ሮም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። «ቬኒስ» ቢል ደግሞ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት እንዳያልፉ ተከልክለዋል። ሳንቶሪኒና ፍጥሞ ላይ ትልልቅ መርከቦች ከባሕሩ መካከል ቆመው ተሳፋሪውን በትንንሽ ጀልባ ያወርዳሉ። ሳንቶሪኒ ላይ ከጀልባ ከወረዳችሁ በኋላ ወደ ከተማው ለመውጣት በገመድ የሚሳብ መኪና፣ በቅሎ ወይም 580 ያህል ደረጃ ይጠብቃችኋል። በየወደቡ የምትቆዩበት ሰዓት የተወሰነ ነው። በራሳችሁ ወጥታችሁ ከዘገያችሁ መርከብ አይጠብቅም።

ውሃው ሲያንስ፣ ነፋሱ ሲነሣ

ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው መከራ አላቸው። ከኢፌትስሃይም በታች ራይን ግድብ የለውም፤ የውሃው መጠን በዝናብና በበረዶ መቅለጥ ላይ የተመሠረተ ነው። በኦገስት 2022 በድርቅ ምክንያት ካውብ በተባለው ስፍራ ያለው የውሃ መለኪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች ወርዶ ነበር። (መለኪያው የመርከብ መንገዱን ሙሉ ጥልቀት አያሳይም፤ ግን ለመርከበኞች ማስጠንቀቂያ ነው።) በተቃራኒው በጁን 2013 ዳኑብ ሞልቶ የጀርመኗን ፓሳው ከተማ አጥለቅልቋል። ውሃው ሲያንስ መርከብ መሬት ይነካል፤ ሲበዛ ከድልድይ ሥር አያልፍም። እንዲህ ሲሆን ድርጅቶቹ ተሳፋሪውን በአውቶቡስ ያጓጉዛሉ፣ ወይም ከዚያኛው በኩል ወደቆመች ሌላ መርከብ ያዛውራሉ። የምትፈርሙት ውል አብዛኛውን ጊዜ ይህን እንዲያደርጉ ይፈቅድላቸዋል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «ውሃው ቢያንስ ምን ታደርጋላችሁ? ገንዘብስ ትመልሳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በባሕር በኩል ያለው ችግር ነፋስ ነው። በኤጂያን ባሕር ላይ በተለይ በጁላይና በኦገስት ከሰሜን የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ነፋሱ ሲያይል ትንንሾቹ ጀልባዎች ሊወርዱ አይችሉም፤ በዚህ ምክንያት «ፍጥሞን ላይ» ብሎ የሄደ ሰው ደሴቲቱን ከሩቅ ተመልክቶ ሊመለስ ይችላል። የዛሬ መርከቦች መወዛወዝን የሚቀንሱ ክንፎች ከውሃው በታች አሏቸው፤ ቢሆንም ፈጽሞ አያጠፉትም። በመኪና ጉዞ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ በመርከቧ መካከል፣ ዝቅ ባለው ፎቅ ያለ ክፍል ምረጡ። በወንዝ ላይ ይህ ሥጋት የለም ማለት ይቻላል።

ጉልበትና ጤና

«ወላጆቻችን አርጅተዋል፣ ወንዙ ይሻላቸዋል» የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የወንዝ ጉዞ የእግር ጉዞ ነው። በየቀኑ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ በድንጋይ በተነጠፈ የቆየ መንገድ ላይ መራመድ አለ። ሦስት አራት መርከቦች ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለሚቆሙም ወደ ምድር ለመድረስ በሌሎች መርከቦች ውስጥ አልፎ መውጣት ያስፈልጋል። (ያን ጊዜ የመስኮታችሁ መጋረጃ ይዘጋ፤ ፊት ለፊት የሚታየው የጎረቤት ክፍል ነውና።) ሊፍት ቢኖርም ወደ ሁሉም ፎቅ ላይደርስ ይችላል። ከሁሉ በታች ያሉት ርካሽ ክፍሎች መስኮታቸው ትንሽና ከጣሪያው ሥር ነው።

ትልቅ የባሕር መርከብ ግን ሰፊ ሊፍት፣ ሐኪምና ክሊኒክ አላት። ጉልበቱን የሚያመው አባት በወደብ ቀን ሳይወርድ ቢውል እንኳ ቀኑ አይባክንበትም። በአውሮፓ ወንዞች ላይ አብዛኞቹ መርከቦች ሐኪም አይዙም፤ ሆኖም ሆስፒታል ያለው ከተማ ሩቅ አይደለም። በየትኛውም ብትሄዱ የጉዞ ኢንሹራንስ አይቅር።

ዋጋ፣ መጠጥና ቪዛ

የወንዝ ጉዞ በመጀመሪያ ሲታይ ውድ ነው። ነገር ግን በብዙዎቹ ድርጅቶች ዋጋው በየከተማው የሚደረገውን ጉብኝት ይጨምራል። ታዋቂዎቹ ትልልቅ የባሕር መርከቦች በአንጻሩ ርካሽ ይመስላሉ፤ ኋላ ግን ጉብኝቱ ለብቻ፣ ኢንተርኔቱ ለብቻ፣ ቲፑ ለብቻ ይከፈላል። የብዙዎቹ ቲፕ በቀን በነፍስ ወከፍ ከ16 እስከ 20 ዶላር ነው። 18 ብንይዝ ለሁለት ሰው በሰባት ቀን 252 ዶላር ይሆናል። ሲቦርን፣ ሲልቨርሲና ሪጀንት ግን ቲፑንና መጠጡን በዋጋው ውስጥ ያካትታሉ። ግሪክም ከጁላይ 2025 ጀምሮ ሳንቶሪኒ ላይ በበጋው ወራት ከሚወርድ ተሳፋሪ 20 ዩሮ ታስከፍላለች። እንግዲህ ሁለቱን ዋጋዎች የምታወዳድሩት የመጨረሻውን ድምር ይዛችሁ ነው።

አልኮል የማትጠጡ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሁሉን ያካተተ» በሚባለው ዋጋ ውስጥ የወይንና የቢራ ሒሳብ አለበት። ይህ ማለት ለማትጠቀሙበት ነገር ትከፍላላችሁ ማለት ነው። በብዙ ትልልቅ የባሕር መርከቦች ላይ ደግሞ የቁማር ቤት አለ። ይህን የማትወዱ ከሆነ ያለዚያ የሚጓዙ አሉ፤ ለምሳሌ ቫይኪንግ የተባለው ድርጅት በባሕር መርከቦቹ ላይም የቁማር ቤት የለውም፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉትንም አያሳፍርም። ይህ ለሁለቱ ብቻ መልካም ነው፤ የልጅ ልጆችን ይዞ ለመሄድ ላሰበ ግን በሩ ዝግ ነው። አብዛኞቹ የወንዝ መርከቦችም ለሕፃናት የተዘጋጁ አይደሉም። ቤተሰቡ በሙሉ የሚሄድ ከሆነ ትልቋ የባሕር መርከብ ትመረጣለች።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ትልቁ ጉዳይ ቪዛ ነው። ባዝል፣ ስትራስቡርግ፣ ኮሎኝና አምስተርዳም ያሉባቸው አራቱ አገሮች ሁሉ በሸንገን ስምምነት ውስጥ ስለሆኑ የራይን ጉዞ በአንድ ቪዛ ይጠናቀቃል። ከግሪክ ወደ ቱርክ የሚሻገረው መርከብ ግን ከሸንገን ክልል ወጥቶ እንደገና ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው መመለሻው ላይ ይቸገራል፤ ምናልባትም ከመነሻው መርከቧ ላይ አይሳፈርም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቁ፣ የቱርክንም መስፈርት አስቀድማችሁ አጣሩ። በአሜሪካ የምትኖሩም ብትሆኑ ግሪን ካርድ የሸንገንን ቪዛ አይተካም።

ሁለት ወረቀት፣ ሁለት እስክሪብቶ

ይህን ሁሉ ካወቃችሁ በኋላ ምርጫው የመርከብ አይደለም፤ የቀን ነው። አብራችሁ ልታሳልፉት የምትሹት ቀን ምን ይመስላል? ብዙ ጥንዶች መርከቡን አብረው ይመርጣሉ፤ ቀኑን ግን ሳይነጋገሩበት በየልባቸው ይዘው ይሳፈራሉ። እርሱ ማረፍ ፈልጎ ነበር፤ እርሷ ደግሞ ማየት። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱ «አንተ ሁልጊዜ ትተኛለህ»፣ ሌላው «አንቺ አታርፊም» ይላል። በቤት ውስጥ የነበረው ጸብ መርከብ ተሳፍሮ ተከትሏቸው መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በአንድ ማታ ሁለት ወረቀት አዘጋጁ። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከጠዋት እስከ ማታ የምትመኙትን አንድ ቀን ጻፉ። ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? ትራመዳላችሁ ወይስ ትቀመጣላችሁ? ከሰው ጋር መጨዋወት ትሻላችሁ ወይስ ማንም ሳያውቃችሁ መዋል? ከዚያ ወረቀቱን ተለዋወጡ፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው አይከራከር።

በሁለቱም ወረቀት ላይ ከተማ፣ ታሪክ፣ እግር ጉዞና ጸጥ ያለ ምሽት ካለ ወንዙ ይጠራችኋል። በሁለቱም ላይ ሰፊ ሰማይ፣ ረጅም እንቅልፍና ምንም አለመሥራት ካለ ወደ ባሕሩ ሂዱ። ወረቀቶቹ ከተለያዩም አትደንግጡ። በወንዝ ላይ አንዱ ባይወርድ ብቸኛ ሆኖ ይውላል፤ መካከለኛ መጠን ያላት የባሕር መርከብ ግን ለመለያየትም ለመገናኘትም ቦታ አላት። ለእንዲህ ዓይነት ጥንዶች ብዙ ጊዜ የምትስማማው እርሷ ናት።

ለሁለቱም ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ጉዞ ብድር አትግቡ። አንድ ሳምንት በውሃ ላይ ዐርፎ አንድ ዓመት በዕዳ መጨነቅ ዕረፍት አይባልም። ሁለቱ ወረቀቶች ግን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ለምታሳልፉት ሁለት ቀንም ያገለግላሉ።

መልካም ጉዞ!